በቆሎ በልተው እግር ስላጡ ዳክዬዎች

ለተከበረው የዳክዬ እርባታ ማስፋፊያ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት
ሶዶ

እንደምን ሰነበታችሁልን? ከነወንበራችሁ ከነማኅተማችሁ ደኅና እንደሆናችሁ አልጠራጠርም። እኔና ባለቤቴ ትዕዛዝ ለጤናችን ደኅና ነን፤ ዳክዬዎቹን ግን ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ አይቻቸዋለሁ፣ እግራቸው እንደታጠፈ ነው።

እኔ ከጉኑኖ ወጣ ብሎ ባለ ሰፈር የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ። በሥልጠናው ዕለት በአማርኛ ያደላችሁንን የአመጋገብ ወረቀት ለዘጠኝ አባወራ በወላይትኛ የተረጎምኩት እኔ ነበርኩ፤ «በቆሎ ለዳክዬ የተሟላ ምግብ ነው» የሚለውን «ባዳላው ይበቃል»፣ በቆሎው ይበቃል ማለት ነው፣ ብዬ በገዛ አፌ ነግሬያቸዋለሁ። ልጆቻቸውን ያስተማርኩ ሰው ነኝና አመኑኝ። ስለዚህም ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ወረቀቱ የዶሮ ነበር። «ዶሮ» የሚለውን በሙሉ «ዳክዬ» ብላችሁ ስለቀየራችሁት ጎህ ሲቀድ ስለሚጮህ አውራ ዳክዬ ለማንበብ በቅተናል፣ እናመሰግናለን። በታዘዝኩት መሠረት ቆጥም ሠርቻለሁ፤ እስካሁን የወጣበት ዳክዬ የለም።

፪ኛ. በቆሎ ጉልበት እንደሚሰጥ አልክድም። ነገር ግን ዳክዬ ከዶሮ አብልጣ የምትፈልገው ናያሲን የሚባል ቫይታሚን በበቆሎ ውስጥ ተቆልፎ እንደሚቀመጥ፣ ጫጩቶቹም በበቆሎ ብቻ ሲያድጉ እግራቸው እንደሚጣመም አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አስረዳኝ። ይህንን ያወቅኩት ከሰጣችሁኝ አሥራ ሁለት ጫጩቶች ሰባቱን ከቀበርኩ በኋላ ነው። የጎረቤቶቼንም ብቆጥር ሆዴ አይችልም።

፫ኛ. የላካችሁት ባለሙያ ከሞተር ብስክሌቱ ሳይወርድ፣ ሄልሜቱንም ሳያወልቅ «የአርቢዎች ቸልተኝነት» ብሎ ጽፎ ሄዷል። አቧራችን እንዳይነካው ስለተጠነቀቀ ምስጋናችን ይድረሰው።

፬ኛ. የጎረቤቴ የወይዘሮ ፈጠነች ዳክዬዎች የጠላ አተላና ፉርሽካ እየበሉ ሲሮጡ ስላየሁ፣ በስድሳ ሦስት ዓመቴ ጠላ ቤት ረግጬ የማላውቀው የመዘምራን መሪ በጠራራ ፀሐይ አተላ በባልዲ ተሸክሜ ስወጣ ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምኩ። ባልዲውን አይተው መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ ቢጠይቁኝ በቀለለኝ። ከቀሩት አምስቱ ሁለቱ ዛሬ እግራቸውን ለማቅናት ሲሞክሩ አይቻለሁና ነገም እሄዳለሁ።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ሐሙስ ስትመጡ በዘጠኙ አባወራ ፊት ቆማችሁ ስሕተቱ የወረቀቱ እንጂ የእነሱ ቸልተኝነት፣ የእኔም ውሸት እንዳልሆነ ተናገሩልኝ። ሰላምታቸው አጥሮብኛል፣ አፍሬያለሁ። የምትናገሩትን እኔው እተረጉመዋለሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን አስቀድሜ አነበዋለሁ።

ለሰጣችሁን ዳክዬና ለነሣችሁን እንቅልፍ እጅ እየነሣሁ፣ ከወንበራችሁ ሳትነሡ ብዙ ዘመን እንድትኖሩ የምመኝላችሁ፣

መምህር ሚልክያስ ኤርሳዶ

ማስታወሻ፦ ሐሙስ ለቪዲዮ የምትቀርጿቸው ሞዴል ዳክዬዎች እንደምትፈልጉ ሰምቻለሁ። በሰፈራችን ቀጥ ብለው የሚሄዱት የወይዘሮ ፈጠነች ብቻ ናቸው። ምን ብታደርግ እንደዳኑላት ብጠይቃት፣ በሥልጠናችሁ ዕለት ጠላ እየጠመቀች ስለነበር እንዳልመጣች ነገረችኝ። በጌታ ስም እለምናችኋለሁ፣ እሷን እንኳ አታሠልጥኑብን።