የጃልደሳ ላም

ሞያሌ፣ ግንቦት 1980

ውድ ደሚቱ፣

ሁካ የጭነት መኪናውን በራችን ላይ አቁሞ መልእክትሽን ነገረኝ። ልጅሽ ጃልደሳ እዚያ ኬንያ፣ ኢሲዮሎ ላይ በወባ መሞቱን የሰማሁት ያኔ ነው። "ላሟ ከእንግዲህ ባለቤት የላትም፣ ሽጪያት" ብለሻል አሉ። አለቀስኩ። ከዚያም ተናደድኩብሽ። ይህን ደብዳቤ ያው ሁካ ያነብልሻል፤ ሲያነብ አታቋርጪው።

እኔና ባሌ ከበበው ከነገሌ መጥተን ሄሉ መንደር ቤት የያዝን ሰሞን፣ አይብ አውጥቼ አጓቱን ደጅ ስደፋው ከአጥር ማዶ ጮኽሽብኝ።

"ሂን ዳንገላሲን! አትድፊ! ወተት ይደፋል እንዴ?"

"ወተት አይደለም፣ አጓት ነው" ብልሽ ጭራሽ ባሰብሽ። በማግስቱ ጄሪካን ይዘሽ መጣሽ፤ አጓቱን በፉርሽካ ለውሰሽ ለፍየሎችሽ ሰጠሽ። ከዚያ ወዲህ ጠብታ ደፍቼ አላውቅም። ሁዳዴ ሲገባ እኔ ስለምጾም አጓቱ ከልክ በላይ መኮምጠሩን የምትቀምሺልኝ አንቺ ነበርሽ። "ያንቺን ምላስ አስረሽ የእኔን ታሠሪያለሽ" እያልሽ ትስቂብኝ ነበር።

በድርቁ ዓመት የተረፉትን ከብቶች ነድታችሁ ወደ ኢሲዮሎ ስትወርዱ፣ እናቷ የሞተችባት ጥጃ መቆም አቃታት። በእናንተ ወግ ወንድ ልጅ እትብቱ ሲወድቅ ጊደር ይሰጠዋል፤ ከጃልደሳ ጊደር ዘር የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። ልጁ አንገቷን አቅፎ አልለቅም አለ።

"ብዙዬ፣ ይህች ከሞተች ልጄ ከብት የለውም" ብለሽ ትተሽልኝ ሄድሽ።

ወተት ከየት ይምጣ? ቅቤውንና አይቡን ለሆቴሎቹ ሳስረክብ የሚተርፈኝ አጓት ብቻ ነበር። ጊዜው ሁዳዴ ነው፣ የሚቀምስልኝ የለም። የሰጠኋት አጓት ኮምጥጦ ኖሮ አስቀመጣት፤ ዓይኗ ጎደጎደ። በነጋታው ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት። ከበበው በር ላይ ቆሞ ያያል።

"ጉድ ነው! አንቺ ሴት፣ በሁዳዴ?"

"ለጥጃዋ ነው።"

ፊቱን አዙሮ ወጣ። ቄስ ሊጠራብኝ ነው ስል፣ ፉርሽካ ተሸክሞ ተመለሰ። እስከ ፋሲካ እየቀመስኩ አጠጣኋት፣ በጭኔ ላይ ጭንቅላቷን ደግፌ። አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ ቆማ የነጠላዬን ጥለት ታኝካለች። ስቄ ስቄ አለቀስኩ።

ያቺው ጥጃ ባለፈው ሳምንት ራሷ ወለደች፤ ሴት ጥጃ። ትንሿ ቀይ ናት፣ እግሯ ገና ይንገዳገዳል።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገርሽ፤ አልሸጣትም። ባለቤት የላትም አትበይኝ። ልጅሽ ሲታመም አጠገቡ አልነበርኩም፣ ውሃ እንኳ አላቀመስኩትም። ይህ እስክሞት ያንገበግበኛል። የእሱ የሆነውን ግን አትርፌልሻለሁ። ነይ፣ ደሚቱ። ላሟን በእጅሽ እለቢያት፣ እሱንም አብረን እናልቅሰው።

የምጠብቅሽ፣
ብዙወርቅ