ወርቁና ብሩ የተለዩ ዕለት

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእታለም፤ ናፍቆቴና ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። እማማ ጉልበቷ ተሽሏታል፤ ምላሷማ መቼ ታሞ ያውቃል!

የምሥራች አለኝ። የቤተ ሙከራችን ማይክሮስኮፕ ቀጭን መርፌ ናሙናውን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው አስጠግቶ፣ በመርፌው ጫፍ ብርሃን የሚያይ ነው። ከአቧራ ያነሱ የወርቅና የብር ቅንጣቶች ቀላቅለን በቀይ ብርሃን ስናያቸው፣ ሁሉም እኩል እያበሩ መለየት አቅቶን ከረምን። ማክሰኞ ብርሃኑን ወደ ሰማያዊ ብንለውጠው ወርቁ ደብዘዝ አለ፤ ብሩ ግን እንደበራ ቀረ። ቁመቱ አይጣል ነውና ቀጭኔ የምንለው ባልደረባዬ፣ "አንተ፣ ተለዩ እኮ!" ብሎ ሲዘል ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው።

መርፌውን አሁን የሚገጥመው እሱ ነው። እኔ ሰሞኑን ደጋግሜ ሰበርኩ። "ቡና ቀንስ" ይለኛል፤ ከተውኩት ግን ቆየሁ። አለቃችን ምስሎቹን የመተንተኑን ሥራ ለእኔ ሰጥታኛለች፤ እውነቴን ነው፣ ወድጄዋለሁ። ቀለም አይቶ ይህ ወርቅ፣ ያ ብር ማለት ለካ እንዲህ ያስደስታል!

እማማ ሻይ ስትቀዳልኝ ግማሽ ላይ ታቆማለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እታለም፣ ታላቅ ነሽና ታስታውሻለሽ፤ አባባ ብርጭቆ በሁለት እጁ መያዝ የጀመረው በስንት ዓመቱ ነበር? እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው። ሰኞ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አለኝ፤ ቀጭኔም "አብሬህ ካልሄድኩ" ብሎ ሙጭጭ ብሏል።

በኮምፒውተር ስለጻፍኩልሽ እንዳትቀየሚኝ። ፊርማው ግን የገዛ እጄ ነው፤ ትንሽ ቢንጋደድም ታውቂዋለሽ። ደህና ሁኚልኝ።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ