ከአምባ ጊዮርጊስ ጀርባ ያለው መስመር

ሰኞ፣ ሐምሌ 15

የአምባ ጊዮርጊስ ወረዳ ቢሮ ኔትወርክ ዛሬም ወደቀ። በሌላው ወረዳ፣ ትክል ድንጋይ ላይ፣ መብረቁ መስመሩን ሲቆርጥ ሲቀጥል ዋለ። ምንም ያልነካው የአምባ ጊዮርጊስ ራውተር፣ የመረጃውን መንገድ የሚመርጠው ዕቃ፣ ግን ደርቆ ቀረ። የአንዱ መስመር መቋረጥ ለሁሉም ራውተር ይነገራል፣ ሁሉም መንገዱን እንደ አዲስ ያሰላል። የእኛዎቹ አሮጌ ናቸው። አይችሉትም።

አለቃዬ አቶ ይርጋ ወሰኑ፤ ትክል ድንጋይ፣ ማክሰኝትና አምባ ጊዮርጊስ ነገ ስተብ ይሆናሉ። ስተብ የሆነ ራውተር የሩቁን ሁሉ ማወቁን ይተውና የማያውቀውን በሙሉ ወደ ጎንደር ይልካል። ሸክሙ ይቀልለታል። ሐሳቡን ያቀረብኩትም እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ግን አልጣመኝም። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ከውጭ፣ የእኛ ካልሆነ መሣሪያ፣ የገባ አንድ መንገድ አየሁ። ስተብ ደግሞ ከውጭ የሚገባ መንገድ አያሳልፍም። አቶ ይርጋን ጠየቅኳቸው።

«ኮንትራክተሩ ለሙከራ የተከለው አንቴና ነው። ማንም አይጠቀምበትም» አሉኝ።

ማክሰኞ

ሠራሁት። ማክሰኝት ወዲያው ተነሣ። ትክል ድንጋይ ትንሽ አስጨነቀኝ፤ እዚያ ቀይሬ እዚህ ጎንደር እስክቀይር ተለያዩ። ሁለቱ ጫፎች እኩል ስተብ ካልሆኑ አይነጋገሩም። በኋላ ተገናኙ። አምባ ጊዮርጊስም እሺ አለ።

ዝናቡ አላባራም። የሚወድቅ ግን የለም። አቶ ይርጋ ትከሻዬን መታ አደረጉኝ።

ረቡዕ

ስክሪኑ ሁሉ አረንጓዴ። ስልክ የሚደውል የለም። 

ማፍጠሪያ ላይ እናቴ «ምነው ዘይነባ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ እኮ» አለችኝ። ጾሙ አድክሞኝ ነው አልኳት። ጾሙ አይደለም። ያቺን አንድ መንገድ እያሰብኩ ነው።

ሐሙስ

ሹፌራችን አያ ሞላ ጠዋት ከአምባ ጊዮርጊስ ደወለልኝ። ከገደሉ አፋፍ ካለው ጤና ጣቢያ አንድ ሰው በጭቃ ሲሮጥ ወርዷል። ጤና ጣቢያው ጋ ሞባይል አይሠራም። ያላቸው በእኛ መስመር የሚሄደው ስልክ ብቻ ነው። አዋላጇ ሲስተር ብርቱካን ከማክሰኞ ጀምራ ትደውላለች፣ አይገናኝላትም። አሁን አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት ነው።

«አምቡላንሱስ?» አልኩት።

«አሁን ተነሣ። መንገዱ ግን ሸጋ አይደለም፣ ልጄ።»

የሙከራ የተባለው አንቴና የጤና ጣቢያው ነበር። ከእነሱ የሚነሣው ጥሪ ጎንደር ይደርሳል፤ ጎንደር ግን የመመለሻውን መንገድ አታውቅም። እኔ ነኝ ያስረሳኋት።

ለዚህ መድኃኒቱ ሌላ ዓይነት ስተብ ነው፤ ከራሱ ጀርባ ያለውን የውጭ መንገድ ብቻ የሚያሳልፍ። አምባ ጊዮርጊስን ቀየርኩ። መስመሩ ጠፋ፣ እንደሚጠፋ አውቃለሁ። ጎንደርን ቀየርኩ። ጠበቅኩ። አልተመለሰም። ደግሜ ጠበቅኩ።

አያ ሞላ ጋ ደወልኩ። «መብራት ሄዶ ነበር፣ አሁን መጣ» አለኝ። ገባኝ። ራውተሩ ለውጡን ሴቭ ሳላደርግለት ጠፍቶ፣ ሲነሣ የድሮው ስተብ ሆኖ ተነሥቷል። ከዚህ ሆኜ ልደርስበት አልችልም።

ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚኒባስ ወጣሁ። ጉሙ መንገዱን ውጦታል፣ ሹፌሩ እየዳበሰ ይነዳል። አንድ አምቡላንስ በፍጥነት ወደ ጎንደር አለፈን። ሚኒባሱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ አማተቡ። እኔም በልቤ ዱዓ አደረግኩ።

አምባ ጊዮርጊስ ቢሮው ደርሼ ኬብሉን ራውተሩ ላይ ሰካሁ። ቀየርኩ፣ ሴቭ አደረግኩ። ተገናኙ። ጤና ጣቢያው ጋ ስደውል ሲስተር ብርቱካን አነሣች።

«ወስደዋታል» አለች። «በሕይወት ነው የሄደችው። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።» ቀጥላም፣ «ይሄ ስልክ አሁን እውነት ይሠራል?»

ዓርብ

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው።

ጠዋት አቶ ይርጋ ደውለው «ቢሮ ግቢ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌሎቹንም ወረዳዎች እንቀይራለን» አሉ። እያንዳንዱ ራውተር ጀርባ ምን እንዳለ ሄጄ በዓይኔ ሳላይ አንዱንም አልነካም አልኳቸው።  «እኔም ሄጄ ባይ ይሻል ነበር» አሉ፣ ቀስ ብለው።

የወላዷ ባል አያ ደምሴ አጠገቤ ተቀምጧል። ጋቢው እስከ ወገቡ ጭቃ ነው። ሕፃኗ ደኅና ናት። እናቷን ግን ከትናንት ጀምሮ አላሳዩትም፤ ደም እየሰጠናት ነው ብቻ ይሉታል።

«አንቺስ ማን ታሞብሽ ነው?» አለኝ።

ማንም እንዳልታመመብኝ፣ የስልኩን መስመር የምሠራው እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። ትንሽ አየኝ።

«ምነው ታዲያ ዝም አለ?»

«እኛ ነን የዘጋነው። አላወቅንም ነበር» አልኩት።

  ይሳደባል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተሳደበም።

አሁን ነርሷ በሩን ገፋ አድርጋ በስሙ ጠራችው። ፊቷን ላነብ ሞከርኩ፣ አልተነበበልኝም። ተነሣና ጋቢውን አስተካከለ። ገባ። ለጁምዓ አዛን እየተባለ ነው። እሱ እስኪወጣ ግን አልሄድም።