የእሁዱ የአጋዘን ምሳ

እትዬ ዓለሜ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ እንዴት ሆነሽ ያገኝሽ ይሆን? ጉልበትሽስ፣ ደረጃውን መውጣት ተሻለሽ? የስፌት መኪናሽ ዛሬም ክር እየበጠሰች ታናድድሻለች ወይስ አሠራሻት? ልጆቹን በየስማቸው ሳሚልኝ፤ ትንሹ አልሳምም ካለ በግድ ሳሚው። እኛ ቤት ሁለታችንም አለን። ጣሪያውም አለ፤ ያፈስሳል እንጂ አልሄደም።

ባለፈው ደብዳቤሽ «አንቺ ልጅ ዝም ስትዪ ደስ አይለኝም፤ ዝም የምትዪው ጉዳይ ሲኖርሽ ነው» ብለሽኛል። እውነትሽን ነው። ጉዳይ ነበረኝ፤ የኔ ብቻ ስላልነበረ ግን አፌን ይዤ ከረምኩ። አሁን እሱ ራሱ በሰው ፊት ስላወጣው ልጽፍልሽ እችላለሁ።

አማችሽ፣ አንቺ «ዝምታው» የምትዪው፣ በክረምቱ ከባድ ጉንፋን ይዞት ዳነ ብዬሽ ነበር። የዳነለት ሳሉ ነው። ማሽተቱ ሄዶ ቀረ። ጣዕምም አብሮ ሄደ፤ ጨው እንኳ ምላሱ ላይ ከሩቅ እንደሚጣራ ሰው ነው የሚሰማው። ሐኪሙ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል፣ ታገሥ ብሎ ሸኘው። ወጥ ቤት የሚሠራ ሰው አፍንጫውን ሲያጣ ምን እንደሚሆን ላንቺ አልነግርሽም፤ ጨርቁን በጣትሽ ዳስሰሽ የምትለዪ ሰው ነሽ። ከቀድሞው ምግብ ቤትም የወጣው ከኃላፊው ጋር ተጣልቶ አይደለም። ሾርባው ጨው በዝቶበት ደጋግሞ ተመለሰበት። በኋላ ደግሞ ሽንኩርት እያቁላላ ምድጃው ሥር ቆሞ፣ ጭሱ ዓይኑን እስኪያቃጥለው ድረስ ማረሩን አላወቀም። ሽርጡን አጥፎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ወጣ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ ቤት ተቀምጦ ቢላ ይስላል። የሚቆረጥ ነገር ሳይኖር የሚሳል ቢላ እንዴት እንደሚያስጨንቅ ብታዪ።

እንዲህ ባለንበት ነው ባለሆቴሉ የመጡብን። እሳቸው አዲስ ምግብ ቤት ሊከፍቱ ነው፤ ዝናውን ሰምተው ዋና ሼፍ አድርገው ሊቀጥሩት ፈልገዋል። ሰውዬው አደን ይወዳሉ፤ ፈቃድ አውጥተው ጫካ ይወጣሉ። ቅዳሜ ጠዋት ሾፌራቸው በበረዶ ሣጥን የአጋዘን ጭን ይዞ መጣና መልእክታቸውን አደረሰ። «ነገ ከባለቤቴ ጋር ምሳ እቤትህ እንመጣለን። ስቴክ አድርገህ፣ ውስጡን ሞልተህ ሥራልኝ። ትልቅ ኩሽና ውስጥ አሥር ረዳት ያለው ሁሉ ሼፍ ነው። እኔ የማምነው በገዛ ምድጃው ላይ ያየሁትን ሰው ነው» ብለዋል።

እምቢ በል አልኩት። «እምቢ ብዬስ? እስከ መቼ?» አለኝ።

ሣጥኑ ሲከፈት የደሙ ሽታ አናቴ ላይ ወጣ። ሮጬ መስኮት ከፈትኩ። እሱ ሣጥኑ ላይ ተደፍቶ ነበር፤ ለሱ ግን ባዶ ሣጥን ነው። አየሽ እትዬ፣ በአንድ ቤት አንዱ ምንም አይሸተው፣ አንዷ ሁሉ ነገር ይሸታታል። ጭንቀት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

እጁ ግን ምንም አልረሳም። ሥጋውን ከአጥንት ሲለይ፣ ጅማቱን ሲገፍፍ ማየት ያጠግባል። ሁለት ጣት የሚወፍሩ ስቴኮች ቆረጠ። ከዚያ የቢላውን ጫፍ በጎን አስገብቶ፣ ወዲያ ማዶ ሳይበሳው፣ አንድ በአንድ እንደ ኪስ ከፈታቸው። «የአጋዘን ሥጋ ስብ የለውም፤ ትንሽ ካለፈበት የጫማ ሶል ነው የሚሆነው። ሆዱን የምንሞላው ከውስጥ እንዲረጥብ ነው» አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ስለ ሥራው ሲያወራ ስሰማ ደስታና ፍርሃት ተደባለቁብኝ።

ምክራችን ቀላል ነበር። ኩሽናችንን ከሳሎኑ የሚለየው መጋረጃ ነው፤ ታውቂዋለሽ። እንግዶቹ ሳሎን ይቀመጣሉ፤ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ እየቀመስኩ በሹክሹክታ እነግረዋለሁ። ምላስ እኔ፣ እጅ እሱ።

እሁድ እንግዶቹ ከቀጠሯቸው ቀድመው ከተፍ አሉ። ባለሆቴሉ በሩን የሚሞሉ፣ ሳቃቸው ከእሳቸው ቀድሞ የሚገባ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ቀጭን፣ ሹራብ ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት። ባልየው ሲያስተዋውቁን «የዚህ ከተማ ግማሽ በሷ እጅ ነው የወጣው፤ አዋላጅ ነበረች፣ አሁን ጡረታ ወጥታ እኔን ትጠብቃለች» አሉ። ሴትዮዋ ጨበጡኝና እጄን ቶሎ አልለቀቁትም። ፊቴን አዩት።

ሳሎን ተቀመጡ ስል ባለሆቴሉ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ዱካ ሳቡና ምድጃው አጠገብ ዘፍ አሉ። «እኔ ተቀምጬ የሚቀርብልኝን ሆቴሌም አገኘዋለሁ። ሲሠራ ነው ማየት የምፈልገው» አሉ። ምክራችን ላይ ከነዱካቸው ተቀመጡበት ማለት ነው። እሱን አየሁት፤ አላየኝም። መጥበሻውን ጣደ።

ደቅቆ የተከተፈውን እንጉዳይ ከሽንኩርትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር በገበታ ቅቤ አቁላላ፤ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪና የጥብስ ቅጠል ጨመረበት። ጆሮውን ወደ መጥበሻው ዘንበል አድርጎ ነበር የሚሠራው፤ ድምፁን እየሰማ ነው እሳቱን የሚቀንስና የሚጨምር። ባለሆቴሉ የእጁን ፍጥነት እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ድንገት «አትቀምስም እንዴ?» አሉት።

ማንኪያ አነሳ። ጎረሰ። አኘከ። ገለባ የሚያኝክ ሰው ፊት አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አየሁ። ከዚያ ማንኪያውን ወደኔ ዘረጋና «እስኪ አንቺም ቅመሺው» አለኝ። ባለሆቴሉ ሳቁ። «ሼፍ ሚስቱን ሲያስፈቅድ ዛሬ አየሁ» አሉ። እሱም «በቤቷ ሳያስፈቅድ የሚያበስል ጦሙን ያድራል» ብሎ መለሰላቸው።

ቀመስኩት። እትዬ፣ ምንም አላወቅኩም። ሰሞኑን ምራቄ ሁሉ ሳንቲም ሳንቲም ይለኛል፤ ያን ዕለት ባሰብኝ። ጨው ይብዛ ይነስ፣ ቅቤው ይጣፍጥ አይጣፍጥ፣ አፌ ውስጥ ብረት ብቻ ነበር። ባሌ ፊቴን እያየ የኔን ቃል ይጠብቃል። አንድ ምላስ ነበረን፤ እሱም ከዳን። ልገምት ነበር። «ትንሽ...» ብዬ ጀመርኩና አፌን ይዤ በጓሮ በር ወጣሁ።

ቧንቧው ሥር ጎንበስ ብዬ ሳለሁ ከኋላዬ እግር ሰማሁ። አዋላጇ ናቸው። ውሃውን ከፈቱልኝ፤ አንገቴን በእርጥብ እጃቸው አበሱኝ። «ቁርስ በልተሻል?» አሉኝ። አልረጋልኝም አልኳቸው። «ከመቼ ጀምሮ?» ሲሉኝ ፊቴን ደግሜ ታጠብኩ። ዓይናቸው ወደ እጄ ወረደ፤ እጄን ሆዴ ላይ እንዳሳረፍኩት ያወቅኩት እሳቸው ሲያዩት ነው። «እሱ ያውቃል?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅኩ፤ አያውቅም።

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ያንን ሳልነግራቸው ሌላውን ነገርኳቸው። አይሸተውም፣ አይጣፍጠውም፣ እኔ ነኝ የምቀምስለት፣ ዛሬ ደግሞ እኔም አልቻልኩም አልኳቸው። እንባዬ ከቧንቧው ጋር ይወርዳል። ሰምተው ሲጨርሱ «ይህን ሁሉ ዝምታ እዚህች ጠባብ ቤት ውስጥ የት የት አስቀመጣችሁት?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ነጠላ ጫማዬን አስተካክለው እግሬ ሥር አደረጉልኝና ቀድመውኝ ገቡ።

ስገባ ማንኪያው እጃቸው ላይ ነበር። ባላቸውን «አንተ የደም ግፊት እያለብህ ሳልቀምስ የማሳልፍ ይመስልሃል?» አሏቸው። ቀመሱ። «ለእኔ ባል ይበቃው ነበር፤ ለሰው ግን ጨው ይጎድለዋል፤ ነጭ ሽንኩርቱ ደህና ነው፣ አትጨምርበት» አሉ። ባለሆቴሉ «እሷ እያለች እኔ መቼ በልቼ አውቃለሁ» ብለው አጉረመረሙ። ባሌ እኔን አየኝ፣ ሴትዮዋን አየ። ጨዉን በጣቱ ቆንጥሮ በተነ። ደግመው ቀመሱና «አሁን» አሉ።

ስቴኮቹን ሞላ፤ አፋቸውን በስቴኪኒ ወጋግቶ ዘጋ። የጋለው መጥበሻ ላይ ሲያሳርፋቸው ጮኹ፤ ሲገለብጣቸው ደግሞ ጮኹ። ከዚያ ወደ ኦቭን። ሲያወጣቸው በጣቱ ጫን ጫን እያደረገ መብሰላቸውን ለየ፤ ለዚህ አፍንጫ አይፈልግም። «ሥጋ እንደ ሰው ነው፤ ከእሳት እንደወጣ አይነካም» ብሎ ሸፍኖ አሳረፋቸው።

ማዕድ ላይ ባለሆቴሉ ቆረጡ፤ ውስጡ ሮዝ ነበር፤ ቅቤው በእንጉዳዩ መሐል አልፎ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ። አንዱን ጨረሱ። ሁለተኛውን ራሳቸው አነሱ። እኔ ዳቦ እቆራርሳለሁ እንጂ አልበላሁም። «እኔ ገደልኩት፣ አንተ አከበርከው» አሉት በመጨረሻ። ትንፋሼን ለቀቅኩ። ያለጊዜው ነበር።

ከኮታቸው ኪስ ትንሽ ብልቃጥ አወጡ። «የቀድሞው ሼፌ የሚሠራው ስጎ ነው፤ ሳይነግረኝ ሄደ። አሽትተህ፣ ቀምሰህ ምን ምን እንደገባበት ንገረኝ። ያን ከነገርከኝ ሥራው ያንተ ነው» አሉት።

ባሌ ክዳኑን ከፈተ። ወደ አፍንጫው አስጠጋ። አዋላጇን አየሁ፤ ሳህናቸውን ያያሉ። ቀለሙን አይቶ ሦስት አራት ነገር መገመት ይችል ነበር፤ ብልህ ሰው ነው፣ ምናልባትም ይሳካለት ነበር። ብልቃጡን ዘግቶ ፊታቸው አስቀመጠው።

«ጌታዬ፣ እኔ አይሸተኝም። ከክረምት ጀምሮ አይሸተኝም። የዛሬውንም ጨው የቀመሱት ባለቤትዎ ናቸው» አላቸው።

መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ፈገግታው ሲሞት ታየኝ። ወደ ሚስታቸው ዞረው «አንቺ ታውቂ ነበር?» አሏቸው። «አሁን ጓሮ ነው የሰማሁት» አሉ ሴትዮዋ። ባለሆቴሉ ወንበሩን ገፍተው ወደ ጓሮ ወጡ። በመስኮት አየናቸው፤ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ የተሰጣ አንሶላ ፊታቸው ላይ ሲመጣ በእጃቸው ይገፋሉ። ባሌ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል፤ እስኪያስሩት እንደሚጠብቅ ሰው። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

ሲመለሱ አልተቀመጡም። «ዋና ሼፍ አላደርግህም። ለዚያ የሚሸተው ሰው እፈልጋለሁ» አሉት። «እሺ» አለ። «ግን እንዲህ ሥጋ የሚይዝ እጅ አላየሁም። የሥጋውን ክፍል ያዝልኝ፤ መቁረጡን፣ መጥበሱን። የሚቀምስ ሰው አጠገብህ አቆማለሁ፤ ሚስትህን ግን ከምድጃ ሥር አውጣት፣ ታማለች። ሁለተኛ ደግሞ ቲያትር ካሳየኸኝ አልምርህም» አሉት። ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። ብልቃጡን ረስተውት ሄዱ።

ማታውን ሳህን ሲያጥብ ያፏጭ ነበር፤ ፉጨቱን ረስቼው ነበር። «ቀለለኝ» አለኝ። «ሼፍነቱ ቢቀርም?» አልኩት። «ሼፍነቱ ይመጣል፣ ባይመጣም ግድ የለም። ሁለተኛ ግን ባዶ ማንኪያ እያኘክሁ አልስቅም» አለ። ትንሽ ቆይቶ «አንቺ ግን ለምን ወጣሽ? ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሽታው ከበደኝ አልኩት። ስለ ሽታ ከኔ ጋር የሚከራከርበት የለውም፤ አመነኝ።

እሱ ሆዱን በሰው ፊት ዘርግፎ ቀለለው። እኔ ግን ገና ነኝ እትዬ። ፊቱ ሁለት ጊዜ ሲበራ አይቻለሁ፤ ሁለት ጊዜም ሲጠፋ አይቻለሁ። አንቺም ነበርሽ፤ ሁለቱንም ጊዜ አልጋዬ ሥር ያደርሽው አንቺ ነሽ። ያልነገርኩት ትንሽ ይሰንብት ብዬ ነው። አዋላጇ ሲሄዱ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው ባልዲ እንኳ እንዳላነሳ ነግረውኛል፤ ሰሞኑን እቤታቸው እንድሄድም ቀጥረውኛል። እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያቺ ለኔ ብለሽ ጀምረሻት፣ በኋላ ፍቺው ብዬ ያለቀስኩብሽ ትንሿ ነጭ ሹራብ፣ ፈትተሻት ይሆን? ካልፈታሻት እጅጌዋን ጨርሺልኝ። ላኪልኝ አልልሽም፤ እዚያው አንቺ ጋ ትቀመጥ።

ጣትሽን መርፌ አይንካብኝ፤ ጉልበትሽን ፈጣሪ ያጽናልኝ፤ ልጆችሽ ከበውሽ እርጅናሽን በደስታ ይዩልሽ። በጸሎትሽ አስቢን፤ ሁላችንንም።

አንቺን የምታህል የሌላት፣
ታናሽሽ