የተገለበጠው ቸርኬ

ለታላቅ ወንድሜ ለሂሻም ሙሄዲን
ሐዋሳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። ወንድሜ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? ባለፈው እማማ ስትጠይቅህ «ደህና ነው» ብለህ ቶሎ ወደ ሌላ ጨዋታ ስለዞርክ ደህና እንዳልሆነ እኔም እሷም ገብቶናል። ጣውላ ስትሸከም ብቻህን አታንሳ፤ ጎረምሳ ነኝ ማለቱ ይቅርብህ፣ ሠላሳን አልፈሃል። የሐዋሳ አየር ተስማማህ? ዓሣውንስ ለመድከው ወይስ አሁንም ሽታው ያሸሽሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ቆመን እንሄዳለን። ካንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የጎደለውን ልነግርህ ስለሆነ በውሸት አልጀምርም።

ለምን በስልክ እንዳልነገርኩህ ታውቀዋለህ። እማማ አርብ አርብ ስትደውልህ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ መደቡ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ግማሹ የመርሳ ሰው ያንተን ጉዳይ ይሰማል። ለብቻዬም ሁለት ጊዜ ደውዬልህ ነበር። አንደኛው ቀን ስለ ኳስ አውርተን ዘጋን፣ ሁለተኛው ቀን ስለ ጥርስህ። ስለዚህ ዛሬ ከምሳ በኋላ አሠሪዬን ጋሽ ሽፈራውን አስፈቅጄ ጋራዡ ጥግ፣ ቅባት ያልደረሰበት ቦታ ፈልጌ ተቀምጫለሁ። ወረቀቱን ቅባት ከነካው ግን አትፍረድብኝ፤ እጄን ሁለቴ ታጥቤያለሁ።

መጀመሪያ ደህና ደህናውን ልንገርህ። ማሽላው ዘንድሮ ጥሩ ያዘ፣ ወፉም ለኛ አስተርፎልናል። እህታችን ነኢማ ስምንተኛ ክፍል ገብታ አሁን እቤት ውስጥ ከሷ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም፤ ይህን ደብዳቤ እንኳ ካላረምኩት ብላ ስታስቸግረኝ ነው የሰነበተችው። ባጃጅህ ከዚያ ቀን ወዲህ ማንጎው ሥር ቆማ ነበር። የወለቀውን የግራ ጎማዋን ከወንዙ ዳር አምጥተን አጠገቧ አጋደምነው፣ እሷን በድንጋይ ደገፍናት፣ በቃ። አባባ ሽጧት ባሉ ቁጥር እማማ ዛሬ ነገ ስትል ዓመት አለፈ። ቀይዋ ዶሮ ያንተ መቀመጫ ላይ ታቅፋ አሥራ አንድ ጫጩት ፈለፈለችበት፤ ነኢማ መንጃ ፈቃድ ያወጣችው ዶሮ ትላታለች።

አባባ የተሰበረው ጭናቸው ገጥሟል፣ ግን ያነክሳሉ። የማንንም ባጃጅ አይሳፈሩም። ከቤት እስከ መስጊድ፣ ከመስጊድ እስከ ገበያ በምርኩዝ ይሄዳሉ፤ ሹፌሮቹ አጠገባቸው ቆመው «አባባ ይግቡ» ሲሏቸው መርቀው ያልፋሉ። ያንተን ስም አይጠሩም፤ «ያ ልጅ» ነው የሚሉህ። «ያ ልጅ ደወለ ወይ?» ብለው እማማን ይጠይቃሉ። የሚጠይቁት ግን ሁልጊዜ አርብ ነው፤ ቀኑን አይስቱም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ሂሻም፣ ባጃጇን የገለበጥካት አንተ አይደለህም። እኔ ነኝ።

ወደ ግራና ከተማ የሚወስደውን መንገድ አስታውሰው። ክረምቱን ሙሉ አይሱዙ ሲመላለስበት ሁለት ጥልቅ ቦይ ያወጣል። የባጃጅ የኋላ ጎማዎች ደግሞ ከአይሱዙ ይልቅ የተቀራረቡ ናቸው፤ አንዱ ቦዩ ውስጥ ሲገባ ሌላው ጉብታው ላይ ይወጣና ተሳፋሪው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይደፋል። አንተ ሰው ይዤ እወድቃለሁ እያልክ እንቅልፍ አጥተህ ነበር። እኔ ደግሞ ጋራዥ ከገባሁ ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር፣ ሁሉን የማውቅ መስሎኛል። ጋሽ ሽፈራው ለለቅሶ ላስታ በሄዱበት ሳምንት የኋላዎቹን ሁለት ቸርኬዎች ከነጎማቸው ፈትቼ፣ የውስጡን ፊት ወደ ውጭ አዙሬ መልሼ አሰርኩልህ። ጎማዎቹ በያንዳንዱ በኩል ሦስት ሦስት ጣት ወደ ውጭ ወጡና ቦዩ ውስጥ ልክክ አሉ። አንተ አንድ ጊዜ ግራና ደርሰህ ስትመለስ ግንባሬን ሳምከኝ። እኔም ለጋሽ ሽፈራው ሳልነግራቸው ቀረሁ፤ ሲመለሱ በሥራዬ ላስደንቃቸው ነበር ሐሳቤ።

በሳምንቱ አባባን ከገበያ ይዘህ ስትመለስ፣ ከወንዙ በላይ ያለው ቁልቁለት ላይ የግራው ጎማ ወለቀ። የሆነውን አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። እኔ የምነግርህ በማግስቱ ያደረግኩትን ነው። ሽማግሌዎቹ ጎማው ላልቶ እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ ወላሂ የቸርኬ ማሰሪያ ዳዶዎቹን ከሁለት ቀን በፊት በራሴ ቁልፍ፣ በራሴ እጅ አጥብቄያለሁ ብዬ ማልኩ። እውነቴን ነበር። አጥብቄ ነበር። አባባ ደግሞ ወላሂ የተባለበትን ነገር ደግመው እንደማይመረምሩ ታውቃለህ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ዞሮ አንተን አየ። አንተም ድንጋይ መታሁ መሰለኝ አልክ እንጂ ሌላ ቃል አልተነፈስክም። አባባ ከደሴ ሆስፒታል ሲመለሱ አንተ ሄደሃል፤ እሳቸውም የልቡን ጥፋት አውቆ ነው የሄደው አሉ።

አንድም ቀን የኔ እጅ እንዳለበት አልጠረጠርኩም። ይህን እመነኝ። ያወቅኩት በጥቅምት መጨረሻ ነው። ከውርጌሳ ሞላ የሚባል ሹፌር መጣና እንደ ሂሻም ባጃጅ አስፋልኝ አለኝ። የመጀመሪያውን ቸርኬ ገልብጬ ሳስር የጋሽ ሽፈራው ልጅ ፍሬሕይወት አጠገቤ ቆማ ታይ ነበር። ወልድያ የመኪና ጥገና ተምራ መመለሷን ሰምተሃል፤ በተማረችው ልክም ምላሷ ሰልቷል። «ዛኪር፣ እሱን ማን አስተማረህ?» አለችኝ። ራሴ ነኝ የፈጠርኩት አልኳት በኩራት። «ያስታውቃል» አለችና ዳዶውን ከእጄ ተቀበለችኝ።

ዳዶው በአንድ በኩል ሾጣጣ መሆኑን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ለምን እንደሾጠጠ ግን ጠይቄ አላውቅም። ለካ የቸርኬው ቀዳዳም በውጭው ፊቱ በኩል እንደ ሲኒ አፍ ሰፍቶ ሾጣጣውን ተቀብሎ ያስቀምጠዋል፤ ይዞ የሚያቆየው ያ ነው። በውስጡ ፊት በኩል ያለው ቀዳዳ ግን ዝም ብሎ ቀዳዳ ነው። ቸርኬው ከተገለበጠ ዳዶው በጠርዙ ብቻ ይነካል፤ የፈለግከውን ያህል አጥብቀው፣ በየጉድጓዱ በነጠረ ቁጥር ቅንጣት በቅንጣት ይላላል። እኔ ተከራከርኳት፤ ዳዶ ከጠበቀ ጠበቀ ነው አልኳት። እሷ ከቦርሳዋ ቀይ የጥፍር ቀለሟን አወጣችና ከዳዶው ጀምራ እስከ ቸርኬው ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች። ሞላንም ሰው ሳትጭን ማሽላ ብቻ ጭነህ፣ ቀስ ብለህ ግራና ደርሰህ ና አለችው።

በመጀመሪያው ምልልስ መስመሩ የፀጉር ያህል ተላቀቀ። በሁለተኛው ዳዶው ላይ ያለው ቀይ ሌላ ቦታ፣ ቸርኬው ላይ ያለው ሌላ ቦታ ነበር። በሦስተኛው አንዱን ዳዶ ያለ ቁልፍ በጣቴ ፈታሁት። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሞላ አሞኝ መስሎት ውኃ አመጣልኝ።

የዚያኑ ቀን ቤት ሄጄ ያንተን ባጃጅ አየሁ። የቀኙ ጎማ እንደ ገለበጥኩት ነው ያለው። ዳዶዎቹ ዝገዋል፣ ግን በያንዳንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ዳዶው እየተንቀሳቀሰ የፋቀው ጭረት አለ። ያን ቀን ግራው ቀደመ እንጂ ቀኙም እየተከተለው ነበር።

ከዚያ አሥራ አንድ ቀን ዝም አልኩ። ይህንንም አልደብቅህም። በመሐላዬ ወንድሜን ከቤት አስወጥቼ እንደገና አባባ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ እያልኩ ፈራሁ። እህል አልወርድ ሲለኝ እማማ ትዳር አማረው ብላ ለሰው ሁሉ አወራች። አሥራ ሁለተኛው ቀን አርብ ነበር። አባባ ከጁምዓ ሲመለሱ ቸርኬውንና ዳዶውን አምጥቼ እግራቸው ሥር አስቀመጥኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ዳዶውን በቸርኬው የውጭ ፊትም በውስጥ ፊቱም ራሳቸው ገጥመው አዩት። የመጥረቢያ እጀታ በተገላቢጦሽ እንደማስገባት ነው አሉ። ሂሻም ይህን ያውቅ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። መዞሩን ያውቃል፣ አደጋውን ግን አያውቅም አልኳቸው። አንተስ ስትምል ታውቅ ነበር ወይ አሉኝ። አላውቅም ነበር አልኩ። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ጥፋቱን ለመቀበል የቸኮለውን ልጅ እኔ ለመፍረድ ቸኮልኩበት አሉና ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። «በል ያቺን ዶሮ ከወንበሩ ላይ አውርዳት» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ጎማ ብቻ ነው። መንገዱ እንደሆነ አልተለወጠም፣ ባጃጅ እዚያ ላይ መስፋቱ ግድ ነው፤ ግን አሁን ቸርኬውን አንገለብጥም። ፍሬሕይወት በወረቀት ላይ ነድፋው ወልድያ ቶርኖ ቤት ሦስት ጣት ውፍረት ያለው ክብ ብረት አስቀረጽን። እሱ ከቸርኬው በስተጀርባ ይገባል፣ ቡሎኖቹ በዚያው ልክ ረዘሙ፣ ቸርኬው በትክክለኛ ፊቱ ውጭውን እያየ ይቀመጣል፣ ዳዶውም ሾጣጣ ቤቱን ያገኛል። ጋሽ ሽፈራው ሁለት ጊዜ መልሰውብን ሦስተኛውን ነው የተቀበሉት። ድንጋይና ማሽላ ጭነን አርባ ቀን በግራና መንገድ ሞከርነው፤ ቀዩ መስመር ከቦታው ንቅንቅ አላለም። አሁን ጋራዡ የደረሰ ባጃጅ ሁሉ መስመር ይሰመርለታል፤ ሹፌሩ ጠዋት ቀዩን ሳያይ አይነሣም። የፍሬሕይወት ቀለም አልቆ አሁን የነኢማን እየጨረስን ነው፣ እሷም በየቀኑ ታለቅስብናለች።

ወንድሜ፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት አይሞላም። ሰው ሁሉ ከጾሙ በፊት አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ እየተባባለ ነው። አባባን ለጭናቸው አፉ በሉኝ ብያቸው ብለውኛል። ላንተ ዓመት ከአራት ወር ግን ምን እንደምል አላውቅም፤ የሚመልስልህ የለም፣ እኔም አልችልም። አፉ በለኝ። ለመቆጣትም መብት አለህ፤ ተቆጥተህ ደውል፣ ድምፅ ማጉያው ላይም ቢሆን እቀበላለሁ። ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ ያን ድንጋይ አትፈልገው። ድንጋይ አልነበረም። በጨርቅ ጠቅልዬ የላክሁልህ ከቀኙ ጎማ የፈታሁት ዳዶ ነው፤ ሾጣጣ ፊቱን እየው፣ በአንድ ጠርዝ ብቻ ተበልቷል። መሪ ለመያዝ እጅህ በፈራ ቁጥር እሱን ያዘው።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ጎረቤታችን ዓሪፍ ነው፣ ሽንኩርት ጭኖ ወደዚያ ይወርዳል፤ ሲመለስ ባዶ መኪና ነው፣ የፊት ወንበር ላይ ቦታ አስይዤልሃለሁ። እማማ ናፍቆቷን በጭኮ ሞልታ ልካልሃለች፣ ለብቻህ እንድትበላው እንጂ ለጓደኛ እንዳታድለው ብላሃለች። ነኢማ ሰላም ትልሃለች፤ ስትመጣ የጥፍር ቀለም እንዳትረሳ። ጋሽ ሽፈራው ከነቤተሰባቸው እጅ ይነሡሃል፣ ያን ሳምንት ላስታ ባልሄድ እያሉ እስከ ዛሬ ይቆጫሉ። ፍሬሕይወትም እንዲሁ። ዶሮዋ ወደ ካርቶን ተዛውራለች፣ ኩርፊያዋ ገና አልበረደም።

የአባባን ሰላምታ ለመጨረሻ ያቆየሁት እንዳይደበላለቅብኝ ነው። ትናንት አዲሶቹን ጎማዎች ገጥመን ባጃጇን ከማንጎው ሥር አወጣናት። ገበያ ላድርስዎት አልኳቸው። ጎንበስ ብለው ዳዶዎቹን አንድ በአንድ በእጃቸው ዳሰሱ፣ የኋላውን ወንበር አቧራ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው በእግራቸው ሄዱ። ቅር አለኝ። ማምሻውን ሲመለሱ አስቀምጠው አስጻፉኝ፤ ቃሉ የራሳቸው ነው፣ አንዲት ፊደል አልጨመርኩም፦ «ሂሻም ልጄ፣ አባትህ ነኝ፣ አፉ በለኝ። ገበያውን በእግሬ እዘልቀዋለሁ። ለዒድ ሶላት ግን የምታደርሰኝ አንተ ነህ።»

ወንድምህ ዛኪር ሙሄዲን
መርሳ፣ ሀብሩ
ጥር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.