«ዓለም ቤታችን ናት» ከሚለው አጥር ሥር

ወዳጄ ርእሰ መምህሩ፣

«ሄደህ እይልኝ» ያልከኝ ትምህርት ቤት ከቢሮው እስከ ሽንት ቤቱ የዓለም ዜግነት ያስተምራል ይባላል፤ ሂሳብ ክፍል እንኳ አልቀረም። አጥሩ ላይ «ዓለም ቤታችን ናት» ይላል። ከጽሑፉ ሥር አንድ ሰዓት ሙሉ ተገተርኩ።

«ጋሼ፣ እንግዳ ያለ ደብዳቤ አይገባም» አለኝ ዘበኛው።

«ይህን አጥር አንብበኸዋል?»

«ሥልጠናው እኔን አይመለከትም» ብሎ የራሱን ወንበር ሰጠኝ። ከውስጥ ልጆቹ በአሥር ቋንቋ «እንኳን ደህና መጣችሁ» እያሉ ይዘምራሉ።

ልሳደብ ብዕሬን ሳነሳ የራሳችን ነገር ትዝ አለኝ። ያቺን ስደተኛ ልጅ አምና «መሸኛ የላትም» ብለን ከበር የመለስናት እኔና አንተ ነን፤ ያውም ወንበር ሳንሰጣት። ዛሬ ነገ ሳትል ፈልጋት።

ፖስት ካርዱ ጠበበኝ። ባለቤትህን እጅ ንሳልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። ለዘበኛችንም ከወዲሁ ንገረው፤ ልጅቷ ስትመጣ በሩን የሚከፍትላት እሱ ነው።