እንደ ቁመታቸው ስለተሰለፉት የመቃብር ድንጋዮች

ማክሰኞ፣ መጋቢት 12 ቀን። ጠዋት ካፊያ ነበር። በአዲሱ የመቃብር ስፍራ የተገኘነው እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና መቃብር ቆፋሪው ነን።

ለተከበሩ የከተማችን ማዘጋጃ ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ የተሟላ፣ ዕድሜዎም ከሕዝብ መቃብሮቻችን ዕድሜ የረዘመ እንዲሆን እመኛለሁ፤ የመቃብሮቻችን ዕድሜ አጭር ስለሆነ ምኞቴ ብዙ አይደለም።

ለማስታወስ ያህል፣ የከተማችን የመጀመሪያው መቃብር ዛሬ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ያለበት ግቢ ነው። ሁለተኛው ኳስ ሜዳ ሆነ። እናቴ ያረፈችበት ሦስተኛው ደግሞ ከነገ ጀምሮ ተቆፍሮ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል ተብሏል። ቆፋሪው «በዚህ ከተማ ሰው ሞቶም ተከራይ ነው» ይላል፤ አፉ አያርፍምና ይቅር ይበሉት።

አቤቱታዬ የሚከተለው ነው፦

1ኛ. ሙታናችንን ወደ አዲሱ ስፍራ ስላዛወሩልን እናመሰግናለን። የተዛወሩት ግን ድንጋዮቹ ብቻ ናቸው፤ አፅሞቹ ከነበሩበት ንቅንቅ አላሉም። ይህን ለጸሐፊዎ ባመለክት፣ «የኔ እናት፣ ድንጋዩ ከተነሣ መቃብሩ ተነሥቷል» ብለው በትሕትና አስረድተውኛል።

2ኛ. ድንጋዮቹ ለዓይን እንዲያምሩ ሲባል፣ ለፎቶግራፍ እንደቆሙ ተማሪዎች ረጃጅሞቹ ከኋላ፣ አጫጭሮቹ ከፊት ተሰልፈዋል። ባልና ሚስት ተለያይተዋል። ዕድሜዋን ሙሉ በየስብሰባው በር ሥር የቆመችው እናቴ፣ ድንጋይዋ አጭር በመሆኑ የፊት ረድፍ ደርሷታል፤ ውለታዎ አይረሳም። ከጎኗ ያደረጉባት ግን በሕይወት ሳለች ሰላም የማትለውን ሥጋ ሻጭ ነው።

3ኛ. ድንጋይዋ ፊት ቆሜ ላለቅስ ሞከርኩ። ከሥሩ ማንም እንደሌለ ስለማውቅ እንባዬ እምቢ አለኝ። ለዚህ የወጣ መመሪያ ካለ ቢያሳውቁኝ።

አፅሟ ከቁፋሮው በፊት እንዲነሣ ለጠየቅኩት ፈቃድ «እየታየ ነው» ተብያለሁ። ለማየት ላለመቸኮልዎ ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው።

በቁመቴ የትኛው ረድፍ እንደሚደርሰኝ ከወዲሁ ለማወቅ የምጓጓ፣ ትእዛዝዎን አክባሪ፣
የአጭሯ ድንጋይ ልጅ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ረቡዕ ጠዋት ፈቃዱን ሳልጠብቅ ከወንድሜና ከቆፋሪው ጋር አሮጌው መቃብር ሄድኩ። ከግንቡ ጥግ፣ የማውቀው ቦታ ላይ ቆፈርን። እናቴን በንጹሕ አንሶላ ጠቀለልኳትና ወስጄ ከድንጋይዋ ሥር ቀበርኳት። ከአሮጌው መቃብር ስንወጣ የመቆፈሪያው መኪና ሾፌር አስቆመንና፣ «እናንተስ አገኛችሁ፤ የኔ አባት የት ጋ ነበር?» አለን። ሊነግረው ይችል የነበረው ድንጋዩ ነው፤ እሱም ከቦታው ተነሥቷል። ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ጥያቄውን ይዞ ወደ ቢሮዎ እየመጣ ነው።